ለቤት የምገጥመው የሊቲየም ባትሪ ፊውዝ የግድ ያስፈልገዋል ወይስ ቢኤምኤሱ (ሴሎቹን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ይበቃል?

ዲምቱ ልጅ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ? የምኖረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። ግቢው የራሳችን ነው። ዋናው ቤት ብሎኬት ነው፤ ከኋላ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉት።

እናቴ ከእኛ ጋር ናት። ሳንባዋን ስለሚያማት ማታ ማታ በኦክስጅን ማሽን ነው የምትተኛው። ባለ 5 ሊትሩ ነው፤ ወደ 350 ዋት ይበላል። መብራት በሄደ ቁጥር ቤቱ ይረበሻል። ሲሊንደር አለን፤ ግን እሱን ማስሞላት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4፣ 2017 ላይ ተመርቆ ኃይሉ ቢኖርም፣ የኛ ሰፈር መስመር ዝናብ ሲነካው ይጠፋል። ስለዚህ ባትሪ ልገጥም ወስኛለሁ።

የገዛሁት ይህን ነው። 280 አምፔር አወር የሆኑ 8 የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎች፣ ባለ 200 አምፔር ቢኤምኤስ፣ ባለ 24 ቮልት 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው)። ቻርጀሩ ኢንቨርተሩ ውስጥ አለ። ለጊዜው ቻርጅ የማደርገው ከመብራት ነው። ፓኔሉ ለወደፊት ይቆይ።

አሁን ጥያቄዬ። የሸጠልኝ ልጅ «ሾርት ሲፈጠር ቢኤምኤሱ ራሱ ይቆርጣል፣ ፊውዝ ብር ማባከን ነው» አለኝ። እውነት ነው? ደግሞ ባትሪውን እናቴ ክፍል፣ ከማሽኑ አጠገብ ላስቀምጠው አስቤያለሁ፤ ገመዱ ያጥርልኛል ብዬ። ሴሎቹንስ እንደመጡ ልቀጥላቸው ወይስ መጀመሪያ የሚሠራ ነገር አለ?

የቤት ዝርጋታ እሠራለሁ። ሊቲየም ግን ለኔ አዲስ ነው።

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ
ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4፡15

ወንድሜ፣ የእናት ጉዳይ ከሆነ ለምን ተሠርቶ ያለቀውን አትገዛም? ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አለ። ሰክተህ ትገላገላለህ።

ዲምቱ ልጅ
ቅዳሜ፣ ከረፋዱ 4፡30

ዋጋው ነው ወንድሜ። ሴሎቹ ደግሞ እጄ ላይ ናቸው። በትክክል ልሥራው ብዬ ነው ወደዚህ የመጣሁት።

ጋሽ ገመድ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6፡50

ልጄ፣ እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ከፊውዙ ልጀምር፤ ሰው የሚቃጠለው እዚያ ላይ ነውና።

ቢኤምኤስ ውስጥ ያለው ማብሪያና ማጥፊያ ሞስፌት የሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው። ሞስፌት ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ተዘግቶ ነው። ማለትም ቁረጥ ቢባል የማይቆርጥ፣ ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ሽቦ ይሆናል። አንተ አለ ብለህ የተማመንክበት ዘበኛ ተኝቷል ማለት ነው። ሌላው ነገር፣ ቢኤምኤሱ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ በኔጋቲቩ በኩል ነው። ፖዘቲቩ ገመድ ቢኤምኤሱን ሳያልፍ ተመልሶ ሴሎቹ ላይ ሾርት ቢሠራ ቢኤምኤሱ ጭራሽ አያየውም።

አሁን ቁጥሩን እንየው። የአንድ አዲስ 280 ሴል የውስጥ ሬዚስታንስ ከ 0.2 ሚሊኦም ብዙም አይርቅም። የ 8ቱን ደምር፣ ማገናኛውንና ገመዱን ጨምር፣ 4 ሚሊኦም አካባቢ ይሆናል እንበል። 26 ቮልትን ለ 0.004 ስታካፍል 6,500 አምፔር ይመጣል። ይህ የመኪና ባትሪ ሾርት አይደለም። መፍቻ ብታስነካው ብረቱ ቀልጦ ይረጫል።

ስለዚህ ፊውዙ የግድ ነው። ግን የትኛውም ፊውዝ አይደለም። ፊውዝ ላይ ሁለት የአምፔር ቁጥር አለ። አንደኛው የሚበጠስበት ነው። ሁለተኛው፣ ሰው የማያነበው፣ ሳይፈነዳ ሊያቋርጠው የሚችለው ከፍተኛ አምፔር ነው። ለመኪና ማጉያ የሚሸጡት ርካሽ ፊውዞች ይህ ሁለተኛው ቁጥራቸው ትንሽ ነው። ከተበጠሱ በኋላ እሳቱ በመሀላቸው መንደዱን ይቀጥላል። ክላስ ቲ የሚባለው ፊውዝ በዲሲ (አቅጣጫው በማይቀያየረው የባትሪ ኃይል) 20,000 አምፔር ድረስ ያቋርጣል። እሱን ካጣህ ኤንኤች የሚባለውን ባለ ሴራሚክ ፊውዝ ፈልግ። ግን የዲሲ ቮልቴጁ ገላው ላይ የተጻፈበት ይሁን።

መጠኑን እንዲህ አስላው። 3,000 ዋት ስታወጣ፣ ኢንቨርተሩ የሚያባክነውን ጨምረህ፣ ባትሪው ወደ 22 ቮልት ሲወርድ 150 አምፔር ያህል ይስባል። ሩቡን ስትጨምርበት ወደ 190 ይመጣል። 200 አምፔር ፊውዝ፣ 70 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ። ገመዱ ከፊውዙ ቀድሞ መቃጠል የለበትም። ልኬቱ በሙሉ ለዚህ ነው።

ቦታው ደግሞ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ነው። ከፊውዙ በፊት ያለው ገመድ የሚጠብቀው የለም። አንድ ስንዝር ከበዛ በዝቷል።

የሰበታዋ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡05

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ ሰበታ ዶሮ ነው የማረባው። ለጫጩት ማስፈልፈያው ባትሪ ያስገጠምኩት ቴክኒሻን ጠርቼ ነበር። ሰውየው ለዲሲው የቤት ብሬከር ተጠቀመ፤ ቆጣሪ ሥር የሚገባውን። አንድ ቀን ለጽዳት ላጥፋው ብዬ ወደ ታች ስመታው ውስጡ ጪስስ አለ፤ ሰማያዊ ብርሃን በጎኑ ወጣ። ፕላስቲኩ ቀለጠ። ማጥፊያው ወደ ታች ወርዷል፣ ኢንቨርተሩ ግን አልጠፋም!

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲገጥም ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማነበው ብሬከሩን ነው። ዲሲ ካልተጻፈበት አይሆንም።

ጋሽ ገመድ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡30

እህቴ፣ እንኳን እጅሽ ተረፈ። ምክንያቱን ለሌሎቹም ልጻፈው። የመብራት ኃይል ኤሲው 50 ኸርዝ ነው። በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይገባል። ብሬከሩ ሲከፈት በመሀል የተፈጠረው እሳት ዜሮ ሲደርስ ራሱ ይጠፋል። ዲሲ ዜሮ አይገባም። እሳቱን የሚያባርር ማግኔትና ረዘም ያለ ክፍተት ያለው ብሬከር ይፈልጋል። ብዙዎቹ የዲሲ ብሬከሮች ደግሞ የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቅጣጫ አላቸው። ተገልብጦ ከተገጠመ ማግኔቱ እሳቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ባትሪ ላይ ኃይሉ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሄድ አቅጣጫ የማይለየውን ግዙ።

ሴል ሰብሳቢ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡20

እኔ ሌላ መንገድ ላሳያችሁ። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የሚወጡትን ሲሊንደር ሴሎች፣ 18650 የሚባሉትን፣ እየሰበሰብኩ ነው የምሠራው። ምናለሽ ተራ በርካሽ ይገኛሉ። አንድ በአንድ ለክቼ ደህናውን መርጬ እበይዳለሁ። ለመብራትና ለቲቪ በቂ ነው። ይህን ሁሉ ብር ማውጣት አያስፈልግም።

ደግሞ አሁን የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። ከ 2016 ጀምሮ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ የተጋጨ መኪና ባትሪም ገበያ ላይ እየመጣ ነው። እሱም ሊታሰብ ይገባል።

የኬሚስትሪ መምህር
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡45

ሴል ሰብሳቢ፣ ትጋትህን አደንቃለሁ፤ ዕቃ ከመጣል ማዳንም ትልቅ ነገር ነው። ግን በሽተኛ ያለችበት ቤት ውስጥ ይህን ምክር ልቃወመው ግድ ይለኛል።

የላፕቶፕ ሴሎችና የብዙ መኪኖች ባትሪ ፖዘቲቭ ክፍላቸው ኒኬልና ኮባልት ያለበት ኦክሳይድ ነው። ሴሉ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ከልክ በላይ ሲግል ይህ ኦክሳይድ ይፈርስና ኦክስጅን ይለቃል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ነዳጁም ኦክስጅኑም አንድ ጣሳ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። አፍነህ አታጠፋውም። አንዱ ሴል ሲቃጠል ጎረቤቱን ያግላል፣ እሱም ቀጣዩን።

አይረን ፎስፌቱ ላይ ኦክስጅኑ ከፎስፈረስ ጋር በጠንካራ ቦንድ ስለተያዘ በቀላሉ አይላቀቅም። ለዚህ ነው ለቤት የሚመረጠው። ሙሉ ሲሆን 3.65 ቮልት፣ ባዶ ሲሆን 2.5፣ በመሀል 3.2 አካባቢ ነው የሚቆየው።

ይህ ሲባል ግን «አይቃጠልም» የሚለው የሻጮች ወሬ ነው። ከልክ በላይ ከሞላ ወይም ውስጡ ሾርት ከሠራ ይነፋል፣ አፉን ከፍቶ ጋዝ ይተፋል። ጋዙ ሃይድሮጅንና ሌሎች ተቀጣጣይ ነገሮች አሉት። ሃይድሮጅን ፍሎራይድም ሊኖርበት ይችላል፤ እሱ ሳንባ ይጎዳል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠራቅሞ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል።

ዲምቱ ልጅ፣ ስለዚህ እናትህ ክፍል የሚለውን ሐሳብ እባክህ ተወው። በዚያ ላይ ኦክስጅን ማሽን አለ። አየሩ ውስጥ ኦክስጅን ከፍ ሲል፣ በተለይ አልጋ ልብስና ትራስ ውስጥ ሲገባ፣ ትንሿ ብልጭታ ትልቅ እሳት ትሆናለች። ሲሊንደሩም እዚያው ነው ያለው። ባትሪውን ሰርቪስ ክፍል አድርገው። ወደ እናትህ ክፍል የሚሄደው 220 ቮልቱ ይሁን። እሱ አምፔሩ ትንሽ ስለሆነ ገመዱ ቢረዝም ግድ የለም። 350 ዋት ከ 2 አምፔር በታች ነው።

የመኪና ባትሪውን በተመለከተ ደግሞ፣ ሙሉው ፓኬጅ 300 እና 400 ቮልት ዲሲ ነው። ሰው ይገድላል። ተጋጭቶ የተጎዳ ከሆነ ጉዳቱ ከሳምንታት በኋላም ሊነሳ ይችላል። በጓሮ የሚፈታ ነገር አይደለም።

ሴል ሰብሳቢ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡10

የኦክስጅን ማሽኑን ሳስብ ትክክል ናችሁ። እኔ የምሠራበት ክፍል ከቤቱ ተነጥሎ ነው ያለው። ለእሱ ቤት ግን አልመክርም። መኪናውንም ተውት።

ዲምቱ ልጅ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰርቪስ ክፍሉን ወስኛለሁ። ብሎኬት ነው፤ ወለሉ ሊሾ፣ በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል። ኮርኒስ የለውም፣ ቆርቆሮው ይታያል። ከዋናው ቤት በግቢው የተለየ ነው።

ሴሎቹን በቴስተር ለካኋቸው። ሰባቱ 3.29 እና 3.30 ናቸው። አንዱ ግን 3.12 ነው። ይህ ችግር አለው? የቮልት ልዩነቱ ትንሽ መሰለኝ።

ጋሽ ገመድ
እሑድ፣ ከረፋዱ 5፡00

ትንሽ አይደለም። የዚህ ባትሪ ባሕርይ ሜዳ ነው። ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ድረስ ቮልቴጁ ያው 3.3 አካባቢ ይንከላወሳል። ሳይነካ ተቀምጦ 3.12 የሚያሳይ ሴል ግን ባዶ ሊሆን የተቃረበ ነው። ከሌሎቹ ጋር አንድ ቀን ከፋብሪካ ወጥቶ ከሆነ ውስጡ እየፈሰሰ ነው፤ ወይም ከሌላ ምድብ መጥቶ ተቀላቅሏል።

ሴሉ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ እየው። ከሌሎቹ ጋር አነጻጽር። ተፍቆ ከሆነ መጠርጠር አለብህ። ጎኑን በቀጥተኛ ማስመሪያ ለካው፤ ተነፍቶ ከሆነ አትጠቀምበት፣ መልሰው። ደህና ከመሰለ ለብቻው በፓወር ሰፕላይ 3.3 ድረስ ሙላውና ሳይነካ ሳምንት ይቀመጥ። ከሌሎቹ ፈጥኖ ከወረደ ሻጩ ይቀይርልህ። አንድ ደካማ ሴል ሰባቱን ይዞ ነው የሚወድቀው፤ በሱ ምክንያት ቢኤምኤሱ ሌሊት ላይ ይቆርጥብሃል።

እስከዚያው ከሌሎቹ ጋር በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) እንዳታገናኘው። በ 0.18 ቮልት ልዩነት ብቻ ከመቶ አምፔር በላይ በመሀላቸው ሊሮጥ ይችላል።

ስምንቱም ደህና ሲሆኑ እኩል ማድረግ ያስፈልጋል። ሁሉንም በፓራለል አገናኝቶ ከባዶ መሙላት በ 10 አምፔር ሰፕላይ ቀናት ይፈጃል። ይልቅ መጀመሪያ በሲሪስ (የአንዱን ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጋቲቭ ጋር) ቀጥላቸው፣ ቢኤምኤሱን ግጠም፣ በቀስታ አንደኛው ሴል 3.65 ደርሶ ቢኤምኤሱ እስኪቆርጥ ሙላ። ከዚያ ፈትተህ በፓራለል አድርጋቸውና ሰፕላዩን 3.65 ላይ አስተካክለህ የቀረውን ጨርስ። ሰፕላዩን የምታስተካክለው ምንም ሳይገናኝ ነው። አምፔሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ አልቋል፣ ወዲያው ንቀል። ይህ ሥራ አጠገቡ ሰው ይፈልጋል፤ አብርቶ መተኛት የለም።

የቢኤምኤሱን ቀጫጭን ሽቦዎች ስታስር ፕለጉን ቢኤምኤሱ ላይ አትሰካ። ሽቦዎቹን መጀመሪያ ሴሎቹ ላይ እሰር። ከዚያ ፕለጉን ይዘህ፣ ከኔጋቲቩ ጀምረህ በቴስተር ቀዳዳ በቀዳዳ ለካ። 3.3፣ 6.6፣ 9.9 እያለ በየደረጃው ከፍ ማለት አለበት። አንዱ ከዘለለ ወይም ከተመለሰ ሽቦ ተቀያይሯል። ሁሉም ልክ ሲሆን ብቻ ስካው።

በሥራው ጊዜ ቀለበት፣ የብረት ሰዓት፣ የአንገት ሐብል ይውለቅ። የመፍቻውን እጀታ በናስትሮ ጠቅልለው፣ ጫፉ ብቻ ይታይ። የማትሠራባቸውን ሴሎች በካርቶን ሸፍን።

ሱሉልታ
እሑድ፣ ከቀኑ 7፡40

የኛ አካባቢ ልጆችም የሚያነቡት ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግም። ማውጣት ይቻላል፤ መሙላት አይቻልም። ሲሞላ ሊቲየሙ ኔጋቲቩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፣ ሴሉን እስከወዲያኛው ያበላሸዋል፣ ለውስጥ ሾርትም ያጋልጠዋል። እኛ ጋ ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ውርጭ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ውጭ ላሜራ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ፓኔሉ መሙላት ይጀምራል፣ ባትሪው ግን ገና በረዶ ነው። የሙቀት መለኪያ ያለው ቢኤምኤስ ይሁን፣ መለኪያው ደግሞ ሴሉ ገላ ላይ ይለጠፍ፣ አየር ላይ አይንጠልጠል።

ሌላው ከፍታው ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ 2,000 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ዕቃ በደንብ አይቀዘቅዝም። የኢንቨርተሩን መመሪያ ብታነቡት ከተወሰነ ከፍታ በላይ አቅሙ እንደሚቀንስ ይጽፋል። 3 ኪሎዋት የተባለው እዚህ ሙሉውን ለረጅም ጊዜ ላይሰጥ ይችላል። ብሬከርም እንዲሁ ነው።

የሰበታዋ
እሑድ፣ ከቀኑ 8፡10

ስለዚህ ምጣድ አይሰካ! እኛ ግቢ መጀመሪያ የተጠየቅሁት «እንጀራ ይጋግራል ወይ» የሚለውን ነበር። ኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ 3 ኪሎዋት በላይ ሊወስድ ይችላል።

ዲምቱ ልጅ
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

ምጣድ አይነካውም። የሚሰጠው ለእናቴ ማሽን፣ ለሁለት አምፖልና ለዋይፋዩ ብቻ ነው። ስንት ሰዓት ያቆየኛል?

የኬሚስትሪ መምህር
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡25

25.6 ቮልት በ 280 ሲባዛ 7,168 ዋት አወር ነው። 80 በመቶውን ተጠቀም፤ 5,700 ያህል። ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲቀነስ 5,000 ይቀርሃል። ለማሽኑ ብቻ ከሆነ 14 ሰዓት፣ ከአምፖሎቹ ጋር 12 ሰዓት አስብ። ሌሊቱን ያሻግራል። ሲሊንደሩ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን። ባትሪው እሱን አይተካም። ቢኤምኤስ በራሱ ምክንያት ሊቆርጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ እጅህ ላይ ሌላ ነገር መኖር አለበት።

ኢንቨርተሩም ፒዩር ሳይን ዌቭ (ሞገዱ እንደ መብራት ኃይሉ ለስላሳ የሆነ) መሆኑን አረጋግጥ። የማሽኑ ሞተር ሌላውን አይወድም።

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡30

እኔስ? በረንዳ ላይ ባስቀምጠውስ?

ጋሽ ገመድ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡00

በራስህ የተሠራውን ኮንዶሚኒየም ውስጥ አልመክርም። አንተ ብቻ አይደለህም፤ ከላይም ከታችም ቤተሰብ አለ፣ መውጫው አንድ ደረጃ ነው። በረንዳው ላይ ፀሐይና ዝናብ አለ። ያለቀለትን ትንሽ ፓወር ስቴሽን (ባትሪውና ኢንቨርተሩ አንድ ላይ የታሸገውን) ግዛ። እሱንም መውጫ በር ላይ አታድርገው።

ዲምቱ ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

የተፋቀው ሴል ተቀየረልኝ። ኮዱ በእርግጥም ተፍቆ ነበር። ሻጩ ጥቂት ተከራከረ፤ ቴስተሩን ሳሳየው ሌላ ሰጠኝ።

አሁን ፎቶ ለጥፌያለሁ። የሴል ሳጥኑን ከብረት አንግል ሠራሁት፤ በየሴሉ መሀል ስስ የፋይበር ወረቀት አለ። ፊውዙ፣ ማጥፊያውና ኢንቨርተሩ ግድግዳ ላይ ናቸው። ገና ምንም አላበራሁም። ስህተት ካለ አሁን ንገሩኝ።

ጋሽ ገመድ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡15

ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። በየሴሉ መሀል ወረቀት ማድረግህ ጥሩ ነው፤ የሴሉ አሉሚኒየም ገላ ባዶ አይደለም፣ ቮልቴጅ አለው። ገመዱም ጥሩ ነው።

የሚስተካከል ግን አለ።

ሦስተኛው ሴል ላይ እየው። መጀመሪያ ማገናኛው መዳብ፣ ከላዩ ሮንዴላ፣ ከዚያ የዋናው ገመድ ተርሚናል፣ ከዚያ ዳዶ ነው ያደረግኸው። ሮንዴላው በመዳብና በመዳብ መሀል ገብቷል። ብረት ነው፤ በደንብ አያሳልፍም። 150 አምፔር ሲያልፍበት ይግላል፣ ሲግል ይላላል፣ ሲላላ የባሰ ይግላል። የሚነካካው ሁሉ መጀመሪያ ይገናኝ፤ ሮንዴላው ከሁሉም በላይ፣ ከዳዶው ሥር ነው የሚገባው። የቢኤምኤሱ ቀጭን ሽቦም ማገናኛው ሥር ተቀብሯል። አውጣውና ከላይ አድርገው።

ማገናኛዎቹንና የሴሉን አሉሚኒየም ጫፍ ከማሰርህ በፊት በስስ ብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርጋቸው። አሉሚኒየም አየር ሲያገኝ ወዲያው ቆዳ ያወጣል። ዳዶውን በጉልበት አትሰረው፤ ጥርሱ ለስላሳ ስለሆነ ይላጣል፣ ያን ጊዜ ሴሉ ሞተ ማለት ነው። የሴሉ ወረቀት ላይ ያለውን የማጥበቂያ ልክ በቶርክ መፍቻ ተከተል።

ፊውዙ ኢንቨርተሩ ጎን ነው ያለው። አንድ ሜትር ተኩል ገመድ ያለ ጠባቂ በግድግዳው ይሄዳል። ወደ ባትሪው አምጣው።

ተርሚናሎቹን በምን ነው የጨመቅካቸው? አንዱ በመዶሻ የተመታ ይመስላል።

ዲምቱ ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡40

አንዱን አዎ፤ መጭመቂያው ላልቶብኝ ነው። ባለ ሃይድሮሊክ መጭመቂያ ከሚያከራይ ሰው ወስጄ ሁሉንም እደግማለሁ። ሮንዴላውን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር።

ጋሽ ገመድ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡55

ጎበዝ። ስታበራ ደግሞ ኢንቨርተሩን በቀጥታ አታገናኝ። ውስጡ ትልልቅ ካፓሲተር አለ፤ ባዶ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ይጠጣል። ብልጭታው ተርሚናሉን ይበላዋል፣ ቢኤምኤሱንም ሊያቃጥለው ይችላል። መጀመሪያ በትንሽ ሬዚስተር ጥቂት ሴኮንድ አሳልፍና ከዚያ ዋናውን ማብሪያ አብራ።

ከመብራት መስመሩ ጋር የምታገናኘውም በቼንጅ ኦቨር (ከሁለቱ አንዱን ብቻ በሚያገናኘው ማዞሪያ) ይሁን። የኢንቨርተሩ 220 በስህተት ወደ ሰፈሩ መስመር ከተመለሰ በትራንስፎርመሩ ተገልብጦ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይሆናል። መብራት ጠፍቷል ብሎ እንጨት ላይ የወጣ ሠራተኛ አለ። የዝርጋታ ሰው ስለሆንክ ይህ ይገባሃል። ኢንቨርተሩንና የብረት ሳጥኑን ኧርዝ አድርግ።

የሰበታዋ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡50

ሰርቪስ ክፍል ስላለ አይጥን አትርሳ። የኔን የቢኤምኤስ ሽቦ ልጣጩን በልታ መዳቡን አውጥታው አግኝቻለሁ። ሽቦዎቹን በኮንዲዩት አልብሳቸው፤ ሳጥኑን በወንፊት ሽቦ ዝጋው፣ አየር ግን ይግባ።

የጢስ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ግዛ፤ በባትሪ የሚሠራውን። ክፍሉ ከቤቱ ስለሚርቅ ድምፁ ቤት ውስጥ የሚሰማውን ምረጥ። እዚያ ክፍል ውስጥ ጋዝ፣ ከሰል፣ ማዳበሪያ ከረጢት አይቀመጥ። ሰርቪስ ክፍል እቃ ማከማቻ ሆኖ ነው የሚያልቀው፤ ከአሁኑ ለቤተሰቡ ንገራቸው።

የኬሚስትሪ መምህር
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ጢስ ካየህ ደግሞ አትግባ። ዱቄት ማጥፊያው የገመዱን እሳት ሊያጠፋ ይችላል፤ የጋለውን ሴል ግን አያቀዘቅዘውም። የሚያቀዘቅዘው ብዙ ውሃ ነው፣ እሱም በባለሙያ እጅ። መጀመሪያ እናትህን አውጣ፣ የኦክስጅን ማሽኑን አጥፋ፣ የግቢውን በር ክፈት፣ በአዲስ አበባ 939 ደውል። ስትደውል የሊቲየም ባትሪ መሆኑን ንገራቸው። ሸገር ከተማ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ የየክፍለ ከተማችሁን ቁጥር ከአሁኑ ጠይቃችሁ በር ላይ ለጥፉ።

ዲምቱ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ሁሉንም አስተካክዬ ትናንት አበራሁት። 2 ኪሎዋት ጭኜ አንድ ሰዓት ያህል አቆየሁትና እያንዳንዱን ማሰሪያ በሙቀት መለኪያ አየሁ። ሁሉም ከክፍሉ ሙቀት ብዙም አይለዩም፤ የሚበልጠው በ 9 ዲግሪ ነው። ማታ ለሁለት ሰዓት መብራት ሄደ። እናቴ አልነቃችም።

የቀረኝ የቻርጅ ማስተካከያው ነው። ኢንቨርተሩ የተዘጋጀው ለአሲድ ባትሪ ነው። ቁጥሮቹን ራሴ ማስገባት እችላለሁ። ስንት ልበል?

ጋሽ ገመድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እግዚአብሔር ይመስገን። መሙያውን 28.0 አድርገው፣ በሴል 3.5 ይመጣል። 29.2 ድረስ ይችላል ይሉሃል፤ የምታተርፈው ጥቂት ነው፣ ሴሉን ግን ታስጨንቀዋለህ። ፍሎቱን (ከሞላ በኋላ የሚቆይበትን ቮልት) 27.0። ኢኳላይዜሽን የሚለውን ዝጋው፤ እሱ የአሲድ ባትሪ ነው፣ ሊቲየሙን ከልክ በላይ ይሞላዋል። ለሙቀት ቮልት የሚጨምርና የሚቀንሰውንም ዝጋ። ኢንቨርተሩ 24.5 ላይ ማስጠንቀቂያ ይጩህ፣ 24.0 ላይ ይጥፋ፤ ቢኤምኤሱ እስኪቆርጥ አትጠብቅ። የቻርጅ አምፔሩን 40 አድርገው፣ ለሰፈራችሁ መስመርም ይቀለዋል።

ከወር በኋላ አጥፍተህ ዳዶዎቹን በቶርኩ ድገማቸው። ፓኔል ስትገዛ የፓኔሉ ቻርጅ ኮንትሮለር ስንት ቮልት እንደሚችል አስቀድመህ ጻፍልን፤ ጠዋት በብርድ የፓኔሉ ቮልቴጅ ከተጻፈው በላይ ስለሚወጣ።